የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ተወው

ልጄ፣ አይሱዙ ኤንፒአር ገዝተህ ደብረ ወርቅ መግባትህን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኛል። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መሆኑ ግን እንቅልፍ እንደነሳህ ወንድምህ ነግሮኛል። እኔ ብሆን ቆጣሪውን ከማየት ይልቅ ማን ነዳው፣ ምን ጫነበት፣ ዘይቱን በስንት ጊዜው ይቀይር ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ቆጣሪ ይነቀላል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ባይነካ እንኳ በሁለተኛ ማርሽ ገደል ሲወጣ የዋለበትን ሰዓትና ሜዳ ላይ የተንሸራሸረበትን ለይቶ አይነግርህም።

ኤን ትሬ የምንለው ፊያት 682 በአገራችን ያን ያህል ዘመን የቆየው ስድስት ሲሊንደርና 10.7 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ስለነበረው ነው። ቱርቦ የለው፣ ዙሩ ዝግ ያለ፤ ሥራ አያስጨንቀውም። ያንተው አራት ሲሊንደር፣ 4.6 ሊትር ገደማ ነው። ኤን ትሬ ችሎ ያሳለፈውን ጥፋት ያንተው አይችለውም። ቢሆንም ጠንካራ ሞተር ነው፤ ከያዝከው ቤት ያሠራሃል።

ከሁሉ በፊት የምለምንህ የናፍጣ ፖምፓውን እንዳታስጨምር ነው። ደብረ ወርቅ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበቱ በሚስበው አየር ልክ ነው። ስለዚህ ትናንት ከካርቶን የወጣ አዲስ ሞተር እንኳ እኛ አገር ሲደርስ ይደክማል። ይህን ያላወቀ ሹፌር ጋራዥ ገብቶ «ጉልበት አንሶታል፣ ናፍጣ ጨምርልኝ» ይላል። መካኒኩም ይጨምርለታል፤ ጥቂት ቀን ደስ ይለዋል። ነገር ግን የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር የለም። ከፊሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፤ ሙቀቱ ፒስተኑ አናት ላይ ያርፋል፤ ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ወደ ኮፓ ይወርዳል። ፋሻው ያለ ዘይት እየተፋተገ ያልቃል። በኋላ ሰው ሁሉ «ሞተሩ አርጅቶ ነው» ይላል፤ እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱን ሞተር ሰው ገደለው እላለሁ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካየህ ማርሽ ቀንስ። ካልጠፋ የአየር ፊልትሮህን እይ፣ ኢንጀክተሮችህንም አስፈትሽ፤ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት እንጂ ማንጠባጠብ የለባቸውም። በጭነትም አትስገብገብ። ጥቂት ኩንታል ጤፍ ደርበህ የምታገኘው ገንዘብ ለቴስታታ አይበቃህም።

ቀጥሎ ያለው ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ ማዳበሪያ ጭነህ ስትመለስ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን አፋፍ ብቻ 1,300 ሜትር ያህል ትወጣለህ። በረሃው ይጋግራል፣ ጭነቱ ይጎትታል፣ ፍጥነትህ ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም። ራዲያተሩን የሚመታ የመንገድ ነፋስ ስለሌለ ማቀዘቀዙ ሁሉ የቬንትሌተሩ ሥራ ነው። ቺንጋው ላልቶ፣ የራዲያተሩ ክንፍ በጭቃና በገለባ ተደፍኖ ከሆነ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ነው። እነዚህን ሳታይ ዓባይ እንዳትወርድ።

ሰው ሁሉ የሚንቀውን የራዲያተር ክዳን ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርህ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይዞ ነው የሚሠራው፤ ዳገት ላይ 90ን ያልፋል። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጥሩ ክዳን የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግፊቱን ይለቀዋል፤ ውሃው ቴስታታው ውስጥ መፍላት ይጀምራል። አረፋ ደግሞ ብረት አያቀዘቅዝም። ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይነፋል። ጓርኒሲዮን ደጋግሞ ቀይሮ ክዳኑን አንድ ቀን ያልቀየረ ባለመኪና ስንቱን አይቻለሁ! አንተ ዛሬውኑ የሞተሩን ትክክለኛ ክዳን ግዛ።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ እንዳይሞቅብህ» የሚልህም አይጠፋም። እንዳትሰማው። በደብረ ወርቅ የጠዋት ብርድ ያለ ቴርሞስታት የሚነሳ ሞተር ለሥራው የሚበቃውን ሙቀት ሳያገኝ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፤ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ፋሻው ይበላል። ከወንዝ ቀድተህ ራዲያተር አትሙላ፤ ማዕድኑ ውስጡን ይደፍነዋል። ዝገት የሚከላከለውን ኩላንት በንጹሕ ውሃ በጥብጠህ ጨምር። መንገድ ላይ ከሞቀብህም ዳር ያዝ፤ ክዳኑን እስኪበርድ አትንካው፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋበት፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ደጀን ወጥተህ ስትቆም ወዲያው አታጥፋው፣ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ነገ ቱርቦ ያለው ሲኖትራክ ከገዛህ ይህቺ ልማድ ቱርቦውን ታተርፍልሃለች፤ በድንገት ሲጠፋ ውስጡ የቀረው ዘይት ይቃጠልበታልና።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ማርሽ አውጥተህ ፎሌ እንዳታደርግ፤ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ በማንም ፊት አልደራደርበትም። ናፍጣ እቆጥባለሁ ብለው ፍሬኑን አንድደው የቀሩ አሉ። ግን በማርሽ መያዝም ልክ አለው። ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ምረጥ። ጭነቱ መኪናውን ሲገፋ ፖምፓው ናፍጣ ቢዘጋም ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ የዙር ቆጣሪው ቀዩ ላይ ከደረሰ ቫልቭ ከፒስተን ሊጋጭ ይችላል። ሞተሩ ሲጮህ ከሰማህ በፍሬን አብርደው፣ ከዚያ ዝቅተኛ ማርሽ ያዝ።

አቧራን በተመለከተ፣ ከየቀበሌው እህል ስታወጣ ከፊትህ ያለው መኪና የሚያስነሳውን እየዋጥክ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር አጠገብ አድርገህ ኃይለኛ ነፋስ አትስደድበት፤ ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይቀደዳል። ከዚያ ይልቅ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፍታና ጣትህን አስገብተህ ውስጡን ጥረግ። ጣትህ ንጹሕ ከወጣ እሰየው። ቀይ ዱቄት ይዞ ከወጣ ወይ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይ ፊልትሮው ተቀዷል፤ ሳታገኘው ሞተር አታስነሳ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ አዲስ ፋሻ በአንድ በጋ ሊጨርስ ይችላል።

ናፍጣ በጀሪካን ለመግዛት ከተገደድክ አሳድረህ ከላዩ ቅዳ፤ የውሃ ማጥለያውንም ቶሎ ቶሎ አፍስሰው።

ጋቢናህ ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ዘይቱን ለካ፣ የጨመርከውን ጻፍ። አሮጌ ሞተር ትንሽ ዘይት ቢበላ አያስደነግጥም፤ በየወሩ እየበዛ ከሄደ ግን ይነግርሃል። ዘይቱ ሳትጨምርበት ከፍ ካለ የበለጠ ደንግጥ። ናፍጣ ከሸተተ ከኢንጀክተር ወይም ከፖምፓ እየወረደ ነው፤ መለኪያው ዘንግ ላይ ነጣ ብሎ ከታየህ ውሃ ገብቶበታል። በሁለቱም ጊዜ ቁልፉን አታዙር፤ ውሃ ወይም ናፍጣ የገባበት ዘይት ኮሎውን አይሸከመውም።

ሞተሩን ማውረድ የግድ የሆነ ዕለት መጀመሪያ ኮምፕረሽኑን አስለካ፤ በጭስ ብቻ አይፈረድም። ኮሎው በመለኪያ ይለካ፣ በጥፍር ተዳብሶ «ደህና ነው» ሲሉህ እሺ አትበል። የወጡትን ብሮንዚኖችም እንዳይጥሉብህ። ከየትኛው ሲሊንደር፣ ከላይ ይሁን ከታች እንደወጡ ጽፈህ በጨርቅ ጠቅልልና አምጣልኝ። የተቧጨሩ ከሆኑ ቆሻሻ ገብቷል፤ ሁሉም ተልጠው መዳቡ ከታየ ዘይቱን እንጠይቃለን፤ አንዱ ብቻ ከተበላ የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር እናያለን። ያንን ሳንጨርስ አዲሱን ብሮንዚን ከካርቶኑ አታውጣ።