የማርሚታ ሲጥሲጥታና የመካኒክ ኅሊና

ከማርሚታ የሚሰማ ሲጥሲጥታ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገር ይመጣል። የጭስ ማውጫ ቱቦውን አንጠልጥሎ የያዘው ጎሚኒ ደርቆ ሲሰነጠቅ ብረት ከብረት ይፋተግና መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይጮኻል። ሙቀት የሚከላከለው ላሜራም ቡሎኑ ዝጎ ሲላላ ይንቀጠቀጣል። ከሞተሩ አጠገብ ባለው መጋጠሚያ ላይ ጓርኒሲዮኑ ሲቃጠል ደግሞ የሚሰማው የሚያመልጥ ጭስ ፉጨት ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል። መለየቱ አይከብድም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጠንካራ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ ቱቦውን በእጅ መወዝወዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያጋልጣል፤ ሦስተኛውን በመጋጠሚያው ዙሪያ የተለጠፈው ጥላሸት ይናገራል።

የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር ጋራዦች ባለመኪናው የሚለምነው ድምፁ እንዲጠፋለት ነው። ድምፅ ደግሞ ሳይጠገንም ይጠፋል፤ ጎሚኒው ዘይት ቢቀባ ለጊዜው ዝም ይላል፣ ዘይቱ ግን ጎማውን አሳብጦ ይጨርሰዋል። የተጠየቀውን ያደረገ መካኒክ ግዴታውን ተወጥቷል?

አልተወጣም። ባለመኪናው ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ስለማይችል ዝምታውን የሚቀበለው «ተሠርቷል» እንደተባለ አድርጎ ነው። መካኒኩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዋሽቷል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 በከረጢት ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝን የሚከለክለው እንዲህ ያለውን በደል ነው፤ ገዢው ሚዛኑን የሚፈትንበት መንገድ የለውምና። በሐዲስ እንደሚተረከውም ነቢዩ ሙሐመድ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነጋዴውን ወቅሰውታል። እህሉን ያረጠበው ዝናብ ነበር፤ የነጋዴው ጥፋት መሸፈኑ ነው። ማርሚታውን ያዛገውም መካኒኩ አይደለም፣ ያየውን ግን መደበቅ አይገባውም።

ባለቤቱ ራሱ «ግድ የለም፣ ድምፁን ብቻ አጥፋው» ቢልስ? በገንዘቡ ላይ ሊወስን ይችላል፤ በተሳፋሪዎቹ ትንፋሽ ላይ ግን ሥልጣን የለውም። ከመጋጠሚያው የሚያመልጠው ጭስ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቀድሞውንም ሳሳ ያለ ነው፤ በእንጦጦ ብርድ መስኮት ዘግቶ ለሚጓዝ ሕፃን ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ የመካኒኩ ግዴታ ከደንበኛው ፈቃድ በላይ ነው።

አቅም ማጣት እውነተኛ ችግር ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና እየጠጋገኑ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ሆኗል። የላላ ላሜራ በብረት ማሰሪያ ጠብቆ ቢቆይ፣ ጊዜያዊ መሆኑ እስከተነገረ ድረስ ማታለል የለበትም። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ግን ቀን አይሰጥም፤ በእጅ ያለው ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ ለእርሱ መዋል አለበት።