ስለ ወላድ እናት፤ ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ፥ እንዲሁም በሳይንት፥ በወግዲና በከላላ፥ ነፍሰ ጡር ሴት የት ትውለድ በሚለው ነገር ምእመናን በሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፦ እናቶቻችን በጓዳቸው፥ ማርያም ማርያም እየተባለላቸው፥ ድርሳነ ሩፋኤል በተደገመበት ጠበል ማኅፀናቸው እየተፈታ ወልደዋል፤ ሴትን በባዕድ ፊት ማራቆት፥ ሆዷንም በምላጭ መክፈት ፈጣሪን መዳፈር ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በቤቷ የወለደችውን ሁሉ እንደ አላዋቂ ይነቅፋል። ነገሩን በመጽሐፍ ልንመረምረው ይገባናል።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ለሔዋን የተነገረውን የጻር ቃል ይዘው ሕክምናን የሚከለክሉ አሉ። ይህ ክርክር በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1847 በስኮትላንድ ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም የምጥን ሕመም በመድኃኒት ሲያስታግስ ይኸው ተቃውሞ ቀርቦበት፥ እርሱም እግዚአብሔር አዳምን አስተኝቶ ጎኑን እንደ ከፈተ ጠቅሶ መልሷል። እኛም እንጨምራለን፤ በዚያው ምዕራፍ ለአዳም እሾህና አሜከላ ተነግሮበታል፤ ነገር ግን የቦረና ገበሬ እርሻውን ቢያርም ኃጢአት ሠራ ያለው የለም።

መጽሐፍ አዋላጅን ያከብራል። በግብፅ የነበሩት ሲፓራና ፉሐ እግዚአብሔርን ስለ ፈሩ ቤት ተሠራላቸው። ትዕማር መንታ በወለደች ጊዜ አንደኛው ሕፃን አስቀድሞ እጁን አወጣ፤ አዋላጂቱም ቀይ ፈትል አሰረችበት። እጅ ቀድሞ መውጣት ዛሬም አዋላጆች እጅግ የሚፈሩት ነገር ነው። ራሔል ግን አዋላጂቱ በአጠገቧ ሳለች በኤፍራታ መንገድ ዐረፈች። እንግዲህ በምጥ የሞተችውን ሁሉ እምነት ጎድሏት ነው የሚል፥ ራሔልን እንደ ነቀፈ ይወቀው።

በአገራችን በተደረገው ጥናት፥ በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር ተብሎ ተገመተ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆነ። በጤና ተቋም የሚወለዱት በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26፥ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርዱት ቀበሌዎች እስከ መካነ ሰላም ሆስፒታል ያለው ዳገት ግን ሁለት ሰዓት አይጠብቅም። ምጥ ቀናት ሲቆይ ደግሞ እናቲቱ ብትተርፍ እንኳ ሽንቷን መያዝ የማትችል ሆና ልትቀር ትችላለች፤ ለእነዚህ እኅቶች ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል መሠረቱ።

ይህን ስንል ቢላዋውን ለሁሉ አናዝዝም። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በቀዶ ሕክምና የተወለዱት በመላው አገር ከመቶ 2 ያህል ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ 21 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ 10 በላይ ማለፉ የሞትን ቁጥር ይቀንሳል የሚል ማስረጃ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2015 ገልጿል። ስለዚህ በገጠሩ ያጡት ሲሞቱ፥ በከተማው ያለ ምክንያት የሚቀደዱ አይጠፉም። ደግሞም የእናቶች ቅሬታ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት መቆጣት፥ እናቷን ከደጅ ማስቀረት፥ ገመናዋን አለመሸፈን ነውር ነው። ገንፎና ቡና በጤና ጣቢያ የፈቀዱ ሐኪሞች ግን መልካም አድርገዋል።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ! ምጥ የጠናባትን ሴት ጠበሉ እስኪሠራ ጠብቁ የሚል ካህን በሩፋኤል ስም ነፍስ ያስይዛል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን አስተምሯል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ድርሳኑ በመንገድ ይደገም፤ ጠበሉ በጠርሙስ ይያዝ። የንስሐ አባት ሰባተኛ ወሯን የያዘችውን የንስሐ ልጁን የት ትወልጃለሽ፥ ማንስ ይሸከምሻል ብሎ ይጠይቅ። በወሎ ቅሬው ክርስቲያኑም እስላሙም ሬሳ ለማንሣት ፈጥኖ ይሰበሰባል፤ ቃሬዛው አስቀድሞ ተበጅቶ፥ ተሸካሚዎቹም በስም ተለይተው፥ ለወላዷም በዚያው ፍጥነት እንዲነሡ በየሰበካው ከቅሬው ዳኞች ጋር ተነጋገሩ።