በአየር ላይ የቆመ ትዝታ

ያረጀ የቤት ኮምፒውተር ጎኑ በካቻቢቴ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው የዓመታት አቧራ ነው፤ ከአቧራው ሥር ግን የሰርጉ ዘፈን፣ የክርስትናው ድግስ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሳቅ ሃርድ ዲስክ በምትባል አንዲት የብረት ሣጥን ተሰብስቦ ይኖራል። ከእርሷ አጠገብ ሠሪው አስቦ የተወው ባዶ ስፍራ አለ፤ በዚያ ስፍራ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ማስገባት ለእኔ ከቴክኒክ ሥራ ይልቅ ለሸመገለ ሰው ረዳት እንደ ማቆም ያለ ነገር ነው፤ አሮጌው ከቤቱ አይወጣም፣ ብቻውን የተሸከመውን ግን የሚያግዘው ያገኛል።

የዲስክን ውስጠኛ ነገር ባሰብሁት ቁጥር ይደንቀኛል። የለሰለሰው ክብ ሳሕን በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሲሽከረከር፣ የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ሳሕኑን ሳይነካ፣ ሽክርክሪቱ በሚያስነሣው ስስ አየር ላይ፣ ከአንዲት ፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛ በሚያንስ ከፍታ ይንሳፈፋል፤ ቢነካው ትዝታው ይፋቃል። ስለዚህም አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራ ይወስኑበታል፤ ከዚያ በላይ አየሩ ይሳሳል፣ ራሱን የሚያቆመውም ያጣል። ከአዲስ አበባ እኛ ወደምንኖርባት ደብረ ሲና የሚመጣው ዲስክ ይህን ወሰን አልፎ፣ የጣርማ በርን ጉም ሰንጥቆ፣ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ይወርዳል፤ ተኝቶ፣ ራሱን ሰብስቦ ያልፋልና አይጎዳም። ከገደሉ ሥር ሲነቃም በትንሽ ቀዳዳው የሚስበው እኛ የምንተነፍሰውን አየር ነው፤ የሟቾቻችን ድምፅ በደብረ ሲና አየር ላይ ቆሞ ይነበባል።

ከእኛ በፊትም አንድ ቅጂ ብቻውን እንዳይቀር የተጨነቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሸዋ አድባራትና በሌሎችም ያሉ መጻሕፍትን ሲያነሣ፣ ብራናው በየደብሩ ቀርቶ፣ አንዱ ፊልም አዲስ አበባ፣ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከአገራቸው ርቀው፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደሚል እያነበቡ ሲዘረዝሩ ኖሩ። በአንድ ኮምፒውተር የሚያድሩት ሁለቱ ዲስኮቻችን ግን ይህን ያህል አልተራራቁም፤ ሄዶ በኃይል የሚመለስ መብራት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊመታቸው ይችላል፣ ባይመታቸውም ያረጃሉ። ያኔ ሦስተኛውን የሚጨምር ሰው ሊገኝ የሚችለው፣ የሚገለበጠው ነገር ዋጋ እንዳለው ከወዲሁ ካወቀ ነው፤ ዲስክ መልክን ይይዛል እንጂ ያ ሰው ለእኛ ማን እንደነበረ አይነግርም። ስለዚህ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዲስክ የሚገለበጠው ቅጂ ተጠናቆ ካበቃ በኋላ ገና ትልቁ ሥራ ይቀራል፤ ልጆቹን አጠገብ አስቀምጦ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነወሬው መንገር።