ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ

መተማ ዮሐንስ ገበያ ከአንድ የጥጥና የሰሊጥ ነጋዴ ጋር ሻይ እየጠጣን «ሐጂ፣ ይህ ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ የሚባለው ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሐጂው ሳቁና «ልጄ፣ ጥጥ ይለበሳል እንጂ ይበላል እንዴ?» አሉኝ።

ይበላል! ፍሬው ተጨምቆ የምግብ ዘይት ይሆናል፤ የተረፈው ፋጉሎ ከብት ያደልባል። ጉዳዩ የቆላው ገበሬ ብቻ ሳይሆን የከተሜው ድስትም ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 እጅግ ጥብቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ላላ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጓይ ትልን የሚቋቋሙ ሁለት የሕንድ ዲቃላ የጥጥ ዝርያዎች እንዲዘሩ ተፈቀደ። ጎረቤታችን ሱዳን ግን በ2004 ዓ.ም. ቀድማ ፈቅዳ ነበር። መተማና ገላባት ደግሞ ድልድይ ለድልድይ የሚተያዩ ከተሞች ናቸው፤ ዘር በኪስም ይሻገራል።

ገሚሱ «የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው» ብሎ ይደመድማል። ገሚሱ ጠያቂውን ኋላ ቀር ይለዋል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። የመድኃኒት መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ከትል ጋር የሚታገለውን ገበሬ ማሳ የሌለን እኛ «ተው» ልንለው አይቀለንም። የዓለም ጤና ድርጅትም ተመርምረው ለገበያ የቀረቡት እንዲህ ያሉ ምግቦች ጉዳት ያደርሳሉ ተብሎ እንደማይገመት ይናገራል።

ታዲያ ምን ቀረ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ማግኘታቸውን እናውቃለን። ሻጩ ዝናብ ነው ቢላቸው ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ልብ በሉ፤ እርጥቡን ጣለው አላሉትም። ጥፋቱ መደበቁ ነበር።

የሰፈሬን ባለሱቅ «ይህ ዘይት ከምን ተጨመቀ?» ብዬ ብጠይቀው «ከጄሪካኑ ነው የቀዳሁት» አለኝ። እሱ አልዋሸም፤ የሚነግረው ስለሌለ ነው። ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ግን መረጠ አይባልም። ይህ ለዘር ሻጩም ይሠራል፤ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ እንደሚገዛ ለገበሬው አስቀድሞ ይንገረው። ያለ ማስረጃ «መርዝ ነው» የሚለውም እርጥቡን ከሥር የሚደብቅ ነጋዴ መሆኑን ይወቅ። መንግሥት ሲፈቅድ በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ያስገድድ፤ እኛም እንጠይቅ።

ይህን ሁሉ ሳወራቸው ሐጂው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «እንግዲያው ከላይ ያድርጉልን፤ እኛ አይተን እንገዛለን ወይ እንተዋለን» አሉ።

ወላሁ አዕለም።