የቤተ ሙከራው ጉልበትና የእንስሳቱ ሐቅ

በየመስጊዳችን ከሶፉ ዳር የተደረደሩትን ወንበሮች ታውቋቸዋላችሁ። ሩኩዕና ሱጁዱን በምልክት የሚያደርሱ አባቶች ይቀመጡባቸዋል። ብዙዎቹን ግንባራቸውን መሬት ከማስነካት ያገዳቸው የጉልበት ሕመም ነው። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው፣ ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ሽፋን የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይጠገንም። እ.ኤ.አ በ2020 ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ይህ በሽታ በዓለም ላይ ወደ 595 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበረበት። እስካሁን ሥቃዩን ከማስታገስ አልፎ በሽታውን የሚያስቆም መድኃኒት የለም።

ለፍለጋው ዋጋ ሲከፍሉ የኖሩት ደግሞ አንደበት የሌላቸው ፍጡራን ናቸው። መገጣጠሚያው እንዲበላሽ የውሻ ጉልበት ጅማት ይቆረጣል፤ የአይጥ ጉልበት ውስጥ መርዛማ ኬሚካል ይወጋል። ይህን ስንሰማ «ለሰው ጥቅም ነው» ብለን እናልፋለን። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት የተቀጣችበትን፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ምሕረት ያገኘበትን ሐዲስ ለምንሰማ ሰዎች ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። የፊቅህ ሊቃውንት ዶሩራ ክልክሉን ትፈቅዳለች ካሉ በኋላ፣ ፈቃዱ ከዶሩራዋ ልክ አያልፍም ብለዋልና።

ልኩ ደግሞ ዛሬ ተለውጧል። በአሜሪካ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተር ሮኪ ቱዋን ቡድን ከሰው በተወሰዱ ሕዋሳት አጥንትና ካርቲሌጅን በአንዲት ትንሽ ዕቃ ውስጥ አጎራብቶ አሳደገ። ሁለቱን ለየብቻ በሚፈስ ፈሳሽ እየመገበ፣ ሆን ብሎ አስቆጥቶ መድኃኒት ሞከረበት። የአገሪቱ ሕግም እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2022 አዲስ መድኃኒት የግድ በእንስሳ ይሞከር የሚለውን ግዴታ አንስቷል።

እንግዲህ መድኃኒቱ የካርቲሌጅ ሕዋስ ይገድል እንደሆነ በዚህች ዕቃ ማወቅ እየተቻለ የውሻ ጅማት የሚቆርጥ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚያሠራው ልማድ እንጂ ዶሩራ አይደለም። «ወንበር ላይ ያሉት አባት ለውሻ ጉልበት ሲባል ይጠብቁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ምርጫው በእርግጥ ይኸው ቢሆን እኔም አባታችንን አስቀድማለሁ። ነገር ግን በእንስሳ ላይ ሠርተው በሰው ላይ የከሸፉ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። የውሻው ጉልበት እስካሁን አባታችንን ከወንበሩ አላስነሳቸውም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። በዕቃ ውስጥ ያደገ ጉልበት አይራመድም፤ አያመውምም። ወንበር ላይ ያሉትን አባት ያስቸገራቸው ደግሞ ሕመሙ ነው። መድኃኒቱ ሕመም ያስታግስ እንደሆነ ለማወቅ የሚታመም አካል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ዶሩራዋ ምን ያህል እንደቀረች ሐኪሞቻችንና ኡለማዎቻችን አንድ ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩበት እወዳለሁ። እኔ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

ወላሁ አዕለም።