ድመትን ማን አመነኮሳት?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት በአገራችን ያልሰማ ልጅ የለም። ተረቱ የሚነገረው ቆብ ደፍቶ ጠባዩን ግን ሳይለውጥ በሚኖር አስመሳይ ሰው ላይ ነው፤ ለዚህም ጉዳይ የተስማማ ተረት ነው። ነገር ግን ነገሩን ከሰው ላይ አንሥተን በድመቲቱ ላይ ብቻ ብናየው አንድ ጥያቄ ይቀራል። ድመቲቱ መቼ ልመንኩስ አለች? ቆቡን የደፋባት፣ ሥጋውን የከለከላት፣ ዓመሏንም እንደ ኃጢአት የቈጠረባት ሰው አይደለምን? ጥያቄዋ ቀልድ ትመስላለች፤ ልብ ብሎ ለተመለከታት ግን፣ በእጃችን ላለና አፍ አውጥቶ ለማይናገር ፍጡር ዕዳችን ምንድን ነው? ወደሚል ትልቅ ጉዳይ ታደርሳለች።

ለምሳሌ የሰቆጣን አገር እንውሰድ። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ስትሆን የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ በ19ኛው መቶ ዓመትም በአሞሌ ጨው ገበያዋ የታወቀች ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ያመረተውን እህል በጎታና በጎተራ ያኖራል። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበትም ድመት ትፈለጋለች። ገበሬው ድመትን ወደ ቤቱ ያስገባት ለጌጥ አይደለም፤ ጎተራውን እንድትጠብቅለት ነው። እርሷም ደመወዟን ከዚያው ከሥራዋ ላይ ትቀበላለች፤ የያዘችውን አይጥ ትበላለችና። ከገበታ የሚጣልላት ቍራሽ እንጀራ፣ በገል የሚቀዳላትም አጓት ምራቂ ነው እንጂ ዋና ምግቧ አይደለም። ይህ ውል እጅግ ጥንታዊ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ዕድሜው ወደ 9,500 ዓመት በሚገመት መቃብር ውስጥ፣ ከሰው አጠገብ የተቀበረ የድመት ዐፅም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም ተገልጧል። የቤት ድመት የዘር ምንጭ የሆነው የዱር ድመትም ዛሬ በአገራችን ዱር ይኖራል።

በዚህ ውል ውስጥ የተበደለ የለም። በደል የሚገባው ውሉ ሲፈርስ ነው። ዛሬ በከተማ ግልገሊቱ ገና ዐይኗን እንደ ከፈተች ከእናቷ ተለይታ ትመጣለች፤ እንዳትጠፋም በሲባጎ ከምሰሶ ላይ ትታሰራለች። ቤቱ ሲሚንቶ ነው፤ በሩ ይዘጋል፤ ለአይጡም መርዝ ይገዛለታል። ከዚያ በኋላ የሚቀርብላት በሽሮ የራሰ እንጀራ ብቻ ይሆናል። የምታድርበት ቤት ጿሚ ከሆነ፣ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን የሚበልጠውን ከሥጋና ከወተት ተለይቶ ይጾማልና፣ እርሷም ሳትሳል አብራ ትጾማለች። ፋሲካ ደርሶ ከመሶቡ አጠገብ ሥጋ ነጥቃ ስትሸሽ «ይህች ሌባ!» ተብላ በዱላ ትባረራለች። እንግዲህ ድመቲቱን ማን እንዳመነኮሳት እናያለን።

አንድ አስተዋይ ወጣት እዚህ ላይ ተነሥቶ፣ «በነነዌ ከሰዎቹ ጋር እንስሶቹም ጾመው አልነበረምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን እኛ ጾመ ነነዌ ብለን የምንጾመው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑን፣ መጽሐፈ ዮናስም የሚፈጸመው እግዚአብሔር ለሕዝቡና ለብዙዎቹ እንስሶች እንደሚያዝን በመግለጥ መሆኑን ያስታውስ። ጾም የሚያጸድቀው ፈቃድ ያለውን ነው። ፈቃድ የሌላት ድመት ብትራብ ራብ ነው እንጂ ጾም አይባልም። በእስልምና ዘንድም የታወቀ ነገር አለ፤ ድመት ዘግታባት፣ ራሷ ሳትመግባት፣ ወጥታም የምድርን ተንቀሳቃሽ እንድትበላ ሳትለቃት ስለ ገደለቻት ሴት ቅጣት በሐዲስ ይነገራል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ያለው ፍርድ ሚዛናዊ ነው፤ ወይ መግባት፣ ወይ ልቀቃት ይላል። በሩን የዘጋ ሰው የማብላቱን ዕዳ በራሱ ላይ ጭኗል።

ታዲያ ምን እናብላት? በዚህ ላይ ዕውቀት ይመስክር። ሰው፣ ውሻና አሳማ ከእህልም ከሥጋም መኖር ይችላሉ። ድመት ግን ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ሊሠራው አይችልም፤ ይህም በሥጋ፣ በተለይም በልብ ውስጥ ይገኛል እንጂ በእህል ውስጥ አይገኝም። ታውሪን ያጣች ድመት ዐይኗ እየጠፋ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1975 ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚሠሩ ሊቃውንት ልቧም እየሰፋ እንደሚደክም አስረዱ። ቪታሚን ኤን ሰው ከካሮት ሊያገኘው ሲችል ድመት ግን ከጉበትና ከመሳሰለው ካልሆነ አታገኘውም። ወጣችንም ለእርሷ አይስማማትም፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳልና። ስለዚህ በፍቅር ያጎረስናት ወጥና እንጀራ ቀስ በቀስ የሚጎዳት ይሆናል።

ይህን የተረዱ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ነገሩን ወደ ሌላው ጫፍ ወሰዱት። «ድመት በዱር ምግብ አብስላ አትበላም፤ ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ብቻ እንስጣት» አሉ። ለዚህ ዋና ምስክራቸው ፖተንገር የተባለው የካሊፎርኒያ የሳንባ ነቀርሳ ሐኪም ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1942 ወደ 900 በሚጠጉ ድመቶች ላይ ሙከራ አድርጎ፣ ጥሬ ሥጋ የበሉት ጤነኞች ሲሆኑ የበሰለ የበሉት እስከ ልጅ ልጆቻቸው እየደከሙ መሄዳቸውን ጽፏል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ስለ ታውሪን የሚያውቅ አልነበረም። ታውሪን በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ ሥጋው ተቀቅሎ መረቁ ሲደፋ አብሮ ይደፋል። የእነዚያ ድመቶች ጉዳት ከጐደላቸው ነገር የመጣ እንጂ ከእሳቱ የመጣ ላይሆን ይችላል።

የጥሬ ሥጋን ዕዳ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቀዋል? አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ሲወዱ የኮሶ ትል እንደሚከተላቸው ዐውቀው፣ የኮሶን ዛፍ አበባ በየጊዜው እየወቀጡ ይጠጡ ነበር። ደስታውን ከነምሬቱ ተቀብለውታል። ድመት ግን ኮሶ የሚያጠጣት የላትም። ከዚህም የከፋ አለ። በጥሬ ሥጋና በአይጥ ውስጥ ያለው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ በድመቲቱ ሆድ ተራብቶ ከዐይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፤ እርጉዝ ሴት ላይ ቢደርስም በማኅፀን ያለውን ሕፃን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካ በኦሪገን ክፍለ ሀገር፣ ታሽጎ የሚሸጥ ጥሬ የቱርክ ዶሮ ሥጋ የበላች ድመት በወፍ ኢንፍሉዌንዛ መሞቷ ተገልጾ ምግቡ ከገበያ ተሰብስቧል። «የተፈጥሮ ነው» ማለት «ጉዳት የለበትም» ማለት አይደለም። እባብም መርዙም የተፈጥሮ ናቸው።

እንግዲህ ሁለት ስሕተቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንደኛው ድመትን ሰው ያደርጋታል፤ እኔ የምበላውን ትብላ፣ እኔ የምጾመውን ትጹም ይላል። ሁለተኛው ዱርን ያመልካል፤ በሰው ቤት ያለችውንም በዱር እንዳለች ይቈጥራታል። ሁለቱም ድመቲቱን አላዩም፤ ያዩት የራሳቸውን አሳብ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው። ዋግ ራብን የሚያውቅ አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ጦርነት ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሎበታል። ልጅ በሚራብበት ስፍራ ስለ ድመት ሥጋ መናገር ነውር አይደለምን? የልጁን ጉርሻ ነጥቆ ለድመት የሚሰጥ ሰው ቢኖር በእውነት ነውረኛ ነው። ነገር ግን እርሷ የምትፈልገው የልጁን ጉርሻ አይደለም። ሰው የማይበላው ሳንባና ጣፊያ፣ የዶሮ አንጀት፣ ከተከዜ ግድብ የተጠመደ ዓሣ ጭንቅላት ይበቃታል። ይህም ባይኖር የተከፈተ በር ይበቃታል፤ ከተከፈተም በኋላ መርዝ የበላ አይጥ እንዳይገጥማት መርዙን ማራቅ ነው። ይህንንም ማድረግ የማይችል ሰው ድመት አለማምጣት ይችላል። ድህነት ከመስጠት ነጻ ያወጣል፤ የያዙትን አስሮ ከማስራብ ግን ነጻ አያወጣም። ደግሞም በራብ ዘመን ጎተራውን የምትጠብቀው እርሷ መሆኗን አንርሳ፤ አይጥ የበላው እህል የልጁ እህል ነበር።

አሳብ ብቻውን ስለማይበቃ የሥራውን መንገድ ባጭሩ እናመልክት። ግልገሊቱ ስምንት ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ አትለይ፤ የላም ወተት የእናቷን ወተት አይተካም። ሥጋው ቢቀቀል ይሻላል፤ መረቁ ግን አይደፋ፣ አብሮ ይሰጣት። ዓሣም እንዲሁ ቢበስል ይበጃል፤ በአንዳንድ ጥሬ ዓሣ ውስጥ ቪታሚን ቢ አንድን የሚያጠፋ ነገር አለና። የበሰለ አጥንት እየተሰነጠቀ ስለሚወጋ አይሰጣት። ከታረደው ፍየል ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ቢታይ፣ ሰውንም የሚይዝ ትል ይዛመትበታልና ለውሻም ለድመትም አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ጠልቆ ይቀበር። ዐይነ ምድሯ በየቀኑ ይጠረግ፤ የሚጠርገውም እርጉዝ ያልሆነ ሰው ይሁን። እንጀራ የለመደችውን ወደ ሥጋ፣ ወይም ከአንዱ ምግብ ወደ ሌላው ስናሸጋግራት ደግሞ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን፣ ከአሮጌው እየቀነስን ከአዲሱ እየጨመርን ይሁን። «ሲርባት ትበላለች» ብሎ ምግብ መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው። ድመት ለጥቂት ቀናት ፈጽማ ሳትበላ ብትቀር፣ በተለይም የወፈረች ብትሆን፣ የገላዋ ስብ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። በግድ የመጣ መልካም ነገር እንዴት ክፉ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ስለ ድመት ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልህ። ነገ አባት ወይም እናት፣ መምህር ወይም ሹም ትሆናለህ፤ ትሆኛለሽ። ያን ጊዜ በእጅህ የሚወድቁት፣ ድምፃቸው ያነሰው፣ የሚበጃቸውን ከአንተ የሚጠብቁት ብዙ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ለእነርሱ የሚሰጠው ራሱ የሚወደውን ነው፤ ሳይቀበሉት ቢቀሩም ውለታ ቢሶች ይላቸዋል። ልጁ የማይችለውን ትምህርት ጭኖ ሰነፍ ይለዋል፤ ድኻውን በማይጠቅመው ነገር ረድቶ አያመሰግንም ይለዋል። ይህ ሰው ቸር ነው፤ ነገር ግን ቸርነቱ ዐይን የለውም። የመስጠት መጀመሪያው እጅን መዘርጋት ሳይሆን፣ የሚቀበለው ማን ነው? ምን ዐይነት ፍጥረት ነው? ብሎ መመርመር ነው። ይህን የመረመረ ሰው በእጁ ያሉትን ሁሉ በየጠባያቸው ይረዳል፤ ቆብም በማንም ላይ ሳይጠይቅ አይደፋም።