«አንድም» የማይል አንባቢ

የድርሰት ትርጉም የማን ነው? የጸሐፊው ወይስ የአንባቢው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስሙ ደጋግሞ ይነሣ የነበረው ፈረንሳዊው ሮላን ባርት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 «የደራሲው ሞት» ባለው መጣጥፉ ሥልጣኑን ከጸሐፊው ነጥቆ ለአንባቢው ሰጥቷል። እኔ ግን ጉዳዩ ይበልጥ የሚገባኝ ደባርቅ ላይ ነው።

ደባርቅ ጠጅ ቤት ገብታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አዝማሪው የሚያዜመው ግጥም የእሱ ብቻ አይደለም። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያወርደዋል፤ ቤቱ ይስቃል፣ ወይ ይተክዛል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ቁልቁል የሚወርደውን ሊማሊሞን በስም ቢጠራ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጠመዝማዛውን መንገድ ያስባል፤ ልጇ በዚያው ወርዶ የቀረባት እናት ደግሞ ልጇን። ማን ተሳሳተ? ማንም።

ፊደላችንስ ያለ አንባቢ መቼ ይሞላል? «ገና ነው» ብዬ ብጽፍ፣ አላልቶ ያነበበ ጊዜው አልደረሰም ይላል፤ አጥብቆ ያነበበ የልደትን በዓል ያስባል። ግን ልብ በሉ፤ «ፋሲካ ነው» ብሎ ማንበብ አይቻልም። ቃሉ ለአንባቢ በር ይከፍትለታል እንጂ ግድግዳ አያፈርስለትም። ወርቁን አገኘሁ የሚል ሁሉ ከየትኛው ሰም እንዳወጣው ማሳየት አለበት።

ከደባርቅ በዳባት አድርገን ጎንደር ብንዘልቅ ደግሞ አንድምታን እናገኛለን። የጎንደር የትርጓሜ መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው ቢለያዩም፣ አንዱን ፍቺ ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ። ትንሽ ቃል ናት፤ ጨዋነቷ ግን ትልቅ ነው። «እኔ እንዲህ አየሁት፤ ሌላም መንገድ አለው» ማለት ናትና።

«አንድም» የማይል አንባቢ የሚያደርገውንም አይተናል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገ ልቦለድ ነው። ባለሥልጣናቱ በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። ማየታቸው መብታቸው ነው፤ ምናልባት ልክም ነበሩ። ነገር ግን ንባባቸውን ፍርድ አደረጉት። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ባርት ደራሲውን የገደለው በወረቀት ላይ ነበር፤ እኛ አገር ግን ቤተሰቡ ዛሬም መቃብሩን አያውቅም።

እንግዲህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጸሐፊ ስንኙን ይሰጣል፤ አንባቢ ይቀበላል፤ በመካከላቸው ዳኛው ቃሉ ነው። አንባቢ የፈለገውን ያህል ይተርጉም፤ ለሚቀጥለው «አንድም» ቦታ እስካስቀረ ድረስ። «ኦሮማይ» ከደርግ ውድቀት በኋላም እየታተመ ይነበባል። ዛሬ የሚያነበው ወጣት ያኔ የተቆጡትን ሹማምንት በስም እንኳ ላያውቃቸው ይችላል፤ ፍቅሩንና ጦርነቱን ያነባል። የእነሱ ንባብ ከሥልጣናቸው ጋር አለፈ፤ መጽሐፉ ግን ገና ነው።